ብርቱዎቹ የተዘረሩበት ድንኳን፦ የ1879–80 የቺምቦራዞ ጉዞ የጉዳይ ጥናት

ዲሴምበር 27 ቀን 1879 በኢኳዶር፣ በቺምቦራዞ ተራራ ደቡብ ምዕራባዊ ገጽ፣ ከባሕር ወለል በላይ 5,080 ሜትር ገደማ ላይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ሦስት ሰዎች በጀርባቸው ተንጋለው፣ አፋቸውን እንደከፈቱ፣ አየር አልበቃ ብሏቸው ያለከልኩ ነበር። አንደኛው ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ላይ የሚገኘውን የማተርሆርን ተራራ ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከረገጡት ሰዎች መሪ የነበረው እንግሊዛዊ ኤድዋርድ ዊምፐር ሲሆን፣ ሁለቱ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ፣ ከቫልቱርናንሽ፣ አብረውት የመጡት መንገድ መሪዎቹ ዣን-አንትዋን ካሬልና ዘመዱ ሉዊ ካሬል ነበሩ። ሦስቱም የወደቁት ሰፈሩ በደረሱ በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ነው። አራተኛው ሰው፣ በአስተርጓሚነት የተቀጠረውና በኢኳዶር ለዓመታት የኖረው ሚስተር ፔሪንግ፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ እንኳ ብዙ መራመድ የሚያዳግተው ሰው ነበር፤ በዚያች ሌሊት ግን በእግሩ ቆሞ እሳቱን የሚጠብቀው እሱ ብቻ ሆነ።

ይህ ጥናት የሚመረምረው እነዚያ ሦስት ሰዎች ከዚያ ድንኳን ተነሥተው በስምንተኛው ቀን 6,263 ሜትር ከፍታ ካለው የተራራው አናት እንዴት እንደደረሱ፣ በመጨረሻዋም ቀን የወሰዱት ውሳኔ ትክክል እንደነበረና እንዳልነበረ ነው። መቶ አርባ ዓመት ያለፈውን ጉዞ የመረጥኩት ዊምፐር የተነሡበትንና የደረሱበትን ሰዓት፣ የባሮሜትሩን (የአየር ግፊት መለኪያውን) ንባብ፣ የራሱን የሰውነት ሙቀት ሳይቀር መዝግቦ በ1892 ስላሳተመው ነው። የዛሬ ጉዞዎች ብዙ ፎቶግራፍ ይተዉልናል እንጂ እንዲህ ያለ መዝገብ አይተዉልንም። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የቀኑና የሌሊቱ ሰዓት ግን በእኛ አቆጣጠር ነው።

ደንበኛውና መሪዎቹ

በዊምፐርና በዣን-አንትዋን ካሬል መካከል የነበረው ግንኙነት ተራ የቀጣሪና የተቀጣሪ ግንኙነት አልነበረም። በ1865 ሁለቱም ማተርሆርንን ለመውጣት ሲሽቀዳደሙ ካሬል ዊምፐርን ትቶ ከጣሊያኖች ቡድን ጋር ተሰለፈ፤ ዊምፐር ጁላይ 14 በስዊዘርላንድ በኩል ቀድሞ ወጣ፣ ካሬል ከሦስት ቀን በኋላ በጣሊያን በኩል ደረሰ። ከዊምፐር ቡድን አራቱ ሲወርዱ ተንሸራትተው ስለሞቱ ድሉ ወዲያው ሐዘን ሆነ። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ በዓለም ላይ ካሉት መንገድ መሪዎች ሁሉ የፈለገውን መምረጥ ይችል የነበረው ዊምፐር፣ ያንኑ የቀድሞ ተፎካካሪውን መረጠ። በዚያን ጊዜ ካሬል ዕድሜው ሃምሳ ደርሶ ነበር።

የጉዞው ዓላማ ጫፍ ላይ መድረስ ብቻ አልነበረም። ዊምፐር ሊያውቅ የፈለገው የአየር ግፊት ሲቀንስ የሰው ሰውነት ምን እንደሚሆን፣ በቀላሉ የሚያዙት፣ ፈሳሽ የሌላቸው አኔሮይድ ባሮሜትሮችም ከሜርኩሪ ባሮሜትር ጋር ሲነጻጸሩ ምን ያህል እንደሚታመኑ ነበር። መጀመሪያ ያሰበው ሂማላያን ነበር፤ የዘመኑ የድንበር ፖለቲካ ሲዘጋበት ወደ ቦሊቪያና ፔሩ ዞረ፤ እዚያ ደግሞ በ1879 ጦርነት ተነሣ። ኢኳዶር የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለጥናቱ ግን ከዚያ የተሻለ አገር ባላገኘም ነበር። ከኪቶ ወደ ደቡብ በተዘረጋው ሸለቆ ግራና ቀኝ ከ5,000 ሜትር የሚበልጡ እሳተ ገሞራዎች ተሰልፈዋል፤ ቺምቦራዞም በምድር ወገብ አጠገብ ስለሚገኝ፣ ምድርም በወገቧ ላይ ስለምታብጥ፣ ጫፉ ከምድር ማዕከል እጅግ የራቀው ነጥብ ነው። ከዊምፐር በፊት ጀርመናዊው ተመራማሪ ሁምቦልት በ1802፣ ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ቡሲንጎ በ1831 ሞክረውት ከጫፉ ሳይደርሱ ተመልሰዋል።

ለዚህ ጥናት ዋናው ነጥብ ግን የሥልጣኑ ጉዳይ ነው። ዛሬ ኢኳዶር ውስጥ የበረዶ ግግር ያለበትን ተራራ ለመውጣት የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ያለው መሪ መያዝ ይኖርበታል፣ ተራራው ላይም ይቀጥላል ወይም ይመለሳል የሚለው መሪው ነው። በ1880 ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ደንበኛው ራሱ አዛዥ፣ ራሱ ተመራማሪ፣ ራሱ ከፋይ ነበር። ካሬሎች መንገድ ይፈልጋሉ፣ በረዶ ይቆርጣሉ፣ ባሮሜትር ይሸከማሉ፤ እንመለስ ማለት ይችላሉ፣ የመጨረሻው ቃል ግን የእነሱ አልነበረም።

የአወጣጡ ፍጥነት

ቡድኑ ከተራራው በስተምዕራብ 2,670 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ከጓራንዳ ከተማ ዲሴምበር 26 ተነሥቶ የመጀመሪያውን ሌሊት 4,380 ሜትር ላይ፣ ሁለተኛውን 5,080 ሜትር ላይ አደረ። በሁለት ሌሊት የመኝታ ከፍታቸው በ2,400 ሜትር ጨመረ ማለት ነው። የዛሬ የተራራ ሐኪሞች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ነው። በዚህ ስሌት ከጓራንዳ ሁለተኛው ሰፈር ለመድረስ ቢያንስ አምስት ስድስት ሌሊት ያስፈልግ ነበር።

ለጥድፊያው ምክንያቱ ስንፍና ወይም ድፍረት አልነበረም፤ ጭነቱ ነበር። በቅሎዎች እስከዚያ ድረስ መውጣት ከቻሉ ጭነቱ በእነሱ ይወጣል፤ ካልቻሉ በሰው ጀርባ ይሆናል። መጓጓዣው የሰውነትን ፍጥነት ሳይጠይቅ የራሱን ፍጥነት ወሰነ። ዊምፐር የከፍታ ሕመም እንዳለ አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ እንዲያውም አገር አቋርጦ የመጣው እሱን ሊያጠና ነው። ያልጠበቀው ሕመሙ እንዲህ በአንድ ጊዜ፣ ሦስቱንም፣ በተለይ ደግሞ በተራራ ላይ ያደጉትን ካሬሎችን እንደሚጥል ነበር።

የሕመሙ መንስኤ በዚያን ጊዜ ገና ማከራከሩን ባያቆምም መልሱ ታትሞ ነበር። ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ምሁር ፖል ቤር በ1878 ባወጣው ሥራ ጉዳቱን የሚያመጣው የኦክስጅን ግፊት መቀነስ መሆኑን አሳይቷል። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ጫፍም ላይ ሆነ ባሕር ዳርቻ ከመቶ 21 ያህል ነው፤ የሚቀንሰው አየሩን ወደ ሳንባ፣ ኦክስጅኑንም ከሳንባ ወደ ደም የሚገፋው ግፊት ነው። 5,080 ሜትር ላይ ይህ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ከግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሰውነት መጀመሪያ የሚያደርገው ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ነው፤ ቶሎ መተንፈስ ግን የካርቦን ዳይኦክሳይድን መጠን ቀንሶ የደሙን ኬሚካላዊ ሚዛን ስለሚያዛባ አእምሮ ትንፋሹን መልሶ ይገታዋል። ኩላሊት ይህን መዛባት ለማስተካከል ቀናት ይፈጅበታል። ካሬሎችና ዊምፐር ያጡት እነዚያን ቀናት ነው። የጡንቻ ጥንካሬ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ ለከፍታ ሕመም ያለው ተጋላጭነት ከሰው ሰው የሚለያይ ሲሆን፣ ብርቱ መሆን አያድንም፣ ደካማ መሆንም አያሲዝም። ፔሪንግ ቆሞ የታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ በአገሪቱ ከፍተኛ ቦታዎች ለዓመታት መመላለሱም ሳያግዘው አልቀረም ብዬ እገምታለሁ።

ሰፈሩ ውስጥ

የሦስቱ ምልክቶች ዛሬ ማንኛውም የተራራ መሪ በቃሉ የሚዘረዝራቸው ናቸው፦ ከባድ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ትንሽ እንኳ ለመንቀሳቀስ አቅም ማጣት፣ ተኝተውም የማይሞላ ትንፋሽ። አፋቸውን ከፍተው ስለሚተነፍሱ ጉሮሮአቸው ደርቆ ውሃ ይጠማቸዋል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ አንድ ጉንጭ እንኳ ለመዋጥ ትንፋሻቸው ጊዜ አይሰጣቸውም። ዊምፐር የራሱን ሙቀት ሲለካ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ አገኘው። ይህ የመጨረሻው ለዛሬ ሐኪም ጥያቄ ያጭራል፤ ትኩሳት ከከፍታ ሕመም ዋና ምልክቶች አይቆጠርምና፣ ሌላ ነገር ተደርቦበት ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ዊምፐር ከአንድ ሐኪም ምክር ተቀብሎ ፖታሲየም ክሎሬት የተባለ ጨው ይዞ ነበር፤ በውሃ በጥብጦ ጠጣ። ዣን-አንትዋን ግን መድኃኒቱን አልቀበልም አለ። በእሱ እምነት ከተቅማጥ እስከ አየር ማጣት ላለው የሰው ልጅ ሕመም ሁሉ መድኃኒቱ አንድ፣ እሱም ወይን ጠጅ ነበር፤ በተለይ ሞቅ ተደርጎ ጥቂት ቅመምና ስኳር ከተጨመረበት። ፈገግ ያሰኛል፤ ነገር ግን ሁለቱም እኩል ተሳስተዋል። ፖታሲየም ክሎሬት በከፍታ ሕመም ላይ የሚፈይደው የለም፣ በዛ ካለም መርዝ ነው፤ አልኮል ደግሞ በእንቅልፍ ሰዓት ትንፋሽን ስለሚያዳክም ነገሩን ያብሳል። ዛሬ የሚሰጠው አሴታዞላማይድ የሚሠራው ኩላሊት የደሙን ሚዛን የሚያስተካክልበትን ሥራ በማፋጠን ነው፤ እሱም ቢሆን ጊዜን ያሳጥራል እንጂ ጊዜን አይተካም።

እሳቱ ራሱ እንደ ሰዎቹ አየር አጥሮት ነበር። ፔሪንግ ሳያቋርጥ እፍ ካላለበት ይጠፋል፤ ዊምፐር ይህን አይቶ ከእንግዲህ ወናፍ ከተራራ ወጪ ዕቃዎች አንዱ መሆን አለበት ብሎ እስከ መጻፍ ደርሷል። የከፍታ ሕመም የሰው ስንፍና ወይም የሐሳብ ውጤት ነው ለሚሉ የዘመኑ ሰዎች ከዚያ ከሚያንቀላፋ እሳት የተሻለ ማስረጃ የሚቀርብ አይመስለኝም።

ያዳናቸው አንድም መድኃኒት አይደለም። አልወረዱም፤ ወደ ላይም አልቀጠሉም፤ ባሉበት ቆዩ። ቀላል የከፍታ ሕመም የያዘው ሰው ከፍታ ሳይጨምር ካረፈ በአንድ እስከ ሦስት ቀን ይሻለዋል፤ እነሱም የሆኑት እንዲሁ ነው። ካሬሎች ቀድመው ተነሡ፣ ደንበኛው ዘገየ። መሪዎቹ ዊምፐር ገና በቅጡ ሳያገግም ወደ ላይ ወጥተው መንገዱን ቃኝተው ወደ ሰፈሩ ተመለሱ፤ ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ሌሊት ዝቅ ብሎ መተኛት ዛሬ የታወቀ የመለማመጃ ዘዴ ሲሆን፣ እነሱ መንገድ ፍለጋ ብለው ሳያስቡት ሠሩት። ጃንዋሪ 2 ሦስተኛውን ሰፈር 5,270 ሜትር ገደማ ላይ ተከሉ። ጃንዋሪ 3 ለመውጣት ቢነሡም ነፋሱ መለሳቸው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳይባል መታለፍ የለበትም። ባሉበት መቆየታቸው የሠራው ሕመሙ ቀላሉ ዓይነት ስለነበር ነው። ውሃ ወደ ሳንባ ወይም ወደ አንጎል የሚገባበት ከባዱ ዓይነት ከሦስቱ አንዱን ይዞት ቢሆን ኖሮ፣ ዕረፍት ሳይሆን ወዲያውኑ መውረድ ብቻ ነበር የሚያድነው፤ ሦስት ብርቱ ሰዎች በአንድ ጊዜ በወደቁበት ድንኳን ውስጥ የታመመውን ማን ተሸክሞ ያወርደው ነበር? ሰፈሩ በዚያች ሌሊት የነበረው በፔሪንግ ደካማ ትከሻ ላይ ነው።

ጃንዋሪ 4 ቀን 1880

ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ40 ሦስቱ ከሦስተኛው ሰፈር ተነሡ። የተራራው ደቡባዊ ጎን የሚያስፈራ የገደል ግድግዳ ያለው ሲሆን፣ ግድግዳው በአንድ ቦታ ተሰብሮ በረዶ የተንሸራተተበት ክፍተት አለ፤ የመንገዱ ቁልፍ እሱ ነበር። ያንን በጥሩ ሁኔታ አለፉ። ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ሁለቱ የተራራው ጉልላቶች ፊት ለፊታቸው ታዩ፤ በመካከላቸው ሰፊ የበረዶ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ሥራው ያለቀ መሰለ።

ያልተጠበቀው ችግር የመጣው እዚህ ነው። በረዶው የሚይዝ ቅርፊት አልነበረውም፤ እንደ ዱቄት የለሰለሰ ስለነበር ሰው ሲረግጠው ይሰጥማል። ሉዊ ጫፉ ላይ የሚተክሉትን አሥራ ሁለት ጫማ፣ ማለትም ሦስት ሜትር ተኩል የሚያህል እንጨት ይዞ ነበር፤ ወደ በረዶው ሲሰደው ታች አላገኘም፤ ቢለቀው እንጨቱ በራሱ ክብደት መስመጡን በቀጠለ ነበር። ስለዚህ በረዶውን እየደበደቡ ማጠንከር፣ ከዚያም በተደበደበው ላይ በእጅና በጉልበት መዳህ ነበረባቸው። ለአምስት ሰዓት ያህል እንደ እንስሳ በአራት እግር ሄዱ። ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ገደማ ከአንደኛው ጉልላት ሲደርሱ ሌላኛው ከፍ ብሎ ታያቸው።

በእኔ ግምት የጉዞው ሁሉ ውሳኔ ያለው በዚያች ቅጽበት ነው። ከተነሡ አሥር ሰዓት አልፏል። በምድር ወገብ ላይ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ናቸው፣ ማምሻውም አጭር ነው፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን እንደማይቀራቸው ሦስቱም ያውቃሉ። ልብሳቸው ርሷል፣ ተርበዋል፣ ነፋሱ በርትቷል። ከታችም ያ የገደል ክፍተት አለ፤ በጨለማ የሚወረድ አይደለም። ወረዱ፤ ወደ ሜዳው ተመልሰው በረዶውን መደብደብ ቀጠሉ፤ ከዋናው ጉልላት ሲደርሱ በረዶው ጠንክሮ ስለነበር የመጨረሻውን ክፍል ቀጥ ብለው በእግራቸው ተራምደው ወጡ።

ጫፉ ላይ ያደረጉት ነገር ስለ ዊምፐር ብዙ ይናገራል። ዙሪያው በደመና ተሸፍኖ የሚታይ ነገር አልነበረም። አንዱ ካሬል የባሮሜትሩን ሦስት እግር እንዳይወድቅ አጥብቆ ያዘ፣ ሌላው በነፋሱ በኩል ቆሞ ፖንቾውን እንደ መጋረጃ ዘረጋ፣ ዊምፐር አነበበ። ሜርኩሪው 14.1 ኢንች ላይ ቆመ፤ የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። አብረው የተነበቡት ሁለት አኔሮይዶች ከሜርኩሪው ከአንድ ኢንች በላይ ዝቅ ብለው አሳዩ፤ እነሱ ቢታመኑ ኖሮ ተራራው ከ500 ሜትር በላይ ያለ አግባቡ ይረዝም ነበር። ዊምፐር በሜርኩሪው አስልቶ ያገኘው 20,498 ጫማ፣ ማለትም 6,248 ሜትር፣ በሳተላይት ከተለካው ጋር ያለው ልዩነት 15 ሜትር ገደማ ነው። መሣሪያው ወደ ማኅደሩ ሲመለስ ሰዓቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ20 ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። የራሳቸው ቦይ አስቀድሞ ስለተደበደበ ሜዳውን ፈጥነው አቋረጡ፤ የገደሉን ክፍተት ጨለማው ከመውደቁ ከጥቂት ጊዜ በፊት አለፉ። የቀረውን የታችኛውን ጫንቃ፣ በቀን ቀላል የሆነውን፣ በጨለማ ሲደናበሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ሰፈር ሲደርሱ አሥራ ስድስት ሰዓት ያህል በእግራቸው ቆመው ነበር። የሉዊን እግር ውርጭ መትቶት ለሳምንታት በደንብ መራመድ አልቻለም።

ጉዞው ተሳክቷልና ውሳኔው ትክክል ነበር የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እኔ አልስማማም። ከገደሉ ክፍተት ከመጨለሙ በፊት ያደረሳቸው የጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት ነው፤ ያን ልዩነት ደግሞ አስቀድሞ ያሰላው ሰው አልነበረም፣ የመመለሻ ሰዓት የሚባል ነገር አልተወሰነምና። ዛሬ ቺምቦራዞን የሚያስወጡ መሪዎች ደንበኞቻቸውን ከእኩለ ሌሊት በፊት ቀስቅሰው የሚያስነሡት በሌሊት ውርጭ የጠነከረውን በረዶ ለመርገጥ፣ ፀሐይ ሳትበረታና ድንጋይ መርገፍ ሳይጀምር ለመመለስ ነው፤ ጫፉ ባይደረስም የተባለው ሰዓት ሲሞላ ፊት ይዞራል። ዊምፐር ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ያገኘው ልስላሴ ሌሊት ቢነሣ ምናልባት ባላጋጠመው ነበር። በ1880 በእኩለ ሌሊት የመነሣት ልማድ በአልፕስ የታወቀ ነበር፤ ባልታወቀ ገደል በፋኖስ መሄድ ግን ሌላ ነገር ስለሆነ በዚህ ብዙ አልወቅሳቸውም። የምወቅሰው የመጀመሪያው ጉልላት ላይ ቆመው ዳግመኛ ወደ ሜዳው በመውረዳቸው ነው። ዣን-አንትዋን የመጨረሻው ቃል የእሱ በሆነበት ጊዜ ምን ያደርግ እንደነበር ፍንጭ አለ፦ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1890፣ ማተርሆርን ላይ ማዕበል ሲይዛቸው ደንበኛውን ይዞ ወረደ፤ አደገኛውን ስፍራ ሁሉ አሳልፎ ሰዎቹን ከደኅና ቦታ ካደረሰ በኋላ በድካም ወድቆ ሞተ።

የኮቶፓክሲ ሌሊት

ዊምፐር በዚህ የመጀመሪያ ጉዞ ቺምቦራዞ ላይ በጠቅላላው 17 ሌሊት አደረ። አንድ ጥያቄ ግን አልለቀቀውም፦ ሰውነታቸው በእርግጥ ተለማምዷል ወይስ ዕድል ነው? ይህን ለመፈተን የመረጠው መንገድ ከጉዞው ሁሉ በጣም የማደንቀው ነው። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1880፣ 5,897 ሜትር ወደሆነው ወደ ኮቶፓክሲ ጫፍ ከሁለቱ ካሬሎች ጋር ወጥቶ፣ ከእሳተ ገሞራው አፍ ጠርዝ ጥቂት ዝቅ ብሎ አመድ ላይ ድንኳን ተክሎ፣ 26 ሰዓት ቆየ። ኮቶፓክሲ ከዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ አስቀድሞ፣ በጁን 1877፣ ፈንድቶ በረዶውን አቅልጦ በሸለቆዎች ላይ የጭቃ ጎርፍ የለቀቀ ተራራ ነው።

በዚያች ሌሊት የጎማ ሽታ ሸተተው። እጁን ሰድዶ የድንኳኑን የጎማ ወለል ሲዳስስ ሊቀልጥ ደርሷል፤ ቴርሞሜትር ቢያስቀምጥበት 43 ዲግሪ ሴልሺየስ አነበበ። እግሩ ግን አልሞቀውም ነበርና በድንኳኑ በሌላው በኩል ቢለካ 10 ዲግሪ ብቻ ሆኖ አገኘው። ወደ አፉ ጠርዝ ተጠግቶ ቁልቁል ሲመለከት ከጥልቁ ውስጥ የሚንቦገቦግ እሳት አየ።

የፈተናው ውጤት ግልጽ ነበር። ከሁለተኛው የቺምቦራዞ ሰፈር 800 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ አድረው ከቀላል ራስ ምታት በቀር ያ ሁሉ መከራ አልተመለሰም። ዊምፐር ከዚህ ተነሥቶ የከፍታን ውጤት ለሁለት ከፈለው፦ አንዱ ራስ ምታትና መታፈንን የመሰለው፣ መጥቶ የሚሄደው ነው፤ ሌላው የትንፋሽ መብዛትና የጉልበት መቀነስ፣ ሰው እዚያ ከፍታ ላይ እስካለ ድረስ አብሮት የሚኖረው ነው። በኋላ የመጣው ሳይንስ ስለ ዘዴው ብዙ ጨመረ፤ ክፍፍሉን ግን አላፈረሰውም። ሌሎቹን የኢኳዶር ተራሮች፣ በማርች 10 አንቲሳናን፣ በኤፕሪል 4 ካያምቤን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡት በዚሁ በተለማመደ ሰውነት ነው።

ሁለተኛው ቺምቦራዞ

መጀመሪያ ከጫፉ መድረሳቸውን የተጠራጠሩ ሰዎች ስለነበሩ ዊምፐር ጁላይ 3 ቀን 1880 በሰሜን ምዕራብ በኩል በሌላ መንገድ ዳግመኛ ወጣ፤ በዚህ ጊዜ ካሬሎች ብቻ ሳይሆኑ ዳቪድ ቤልትራንና ፍራንሲስኮ ካምፓኛ የተባሉ ሁለት ኢኳዶራውያን አብረውት ነበሩ፣ ምስክርነታቸውንም ሰጡ። በዚያኑ ዕለት ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ45 ገደማ፣ በመንገድ ላይ ሳሉ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ኮቶፓክሲ ሲፈነዳ አዩ። የአመዱ ዓምድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተተኮሰ፣ ከዚያ ነፋስ ወደ እነሱ አዞረው። ከጫፉ ሲደርሱ አመዱ ይዘንብባቸው ጀመር፤ ነጩ በረዶ የታረሰ ማሳ መሰለ። ዊምፐር ከሰበሰበው ናሙና ተነሥቶ በዚያ ቀን የተተፋውን አመድ ቢያንስ ሁለት ሚሊዮን ቶን ብሎ ገመተው።

እሳተ ገሞራ ላይ የሚደረግ ጉዞ ከሌላ ተራራ የሚለየው በዚህ ነው፦ ሰውነቱን ያለማመደ፣ ሰዓቱን ያከበረ ሰው እንኳ በተራራው በራሱ ፈቃድ ሊመለስ ይችላል። ዊምፐርና ሁለቱ ካሬሎች በአራት ወር ተኩል ልዩነት ኮቶፓክሲ ላይ ሆነው አለመገኘታቸው የማንም ጥበብ አልነበረም። ዛሬ ተራራው በመሣሪያ ይጠበቃል፤ በኦገስት 2015 ዳግም ሲነሣ ወደ ጫፉ መውጣት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር።

ዛሬ በቺምቦራዞ ላይ ሁለት መጠለያዎች አሉ። የታችኛው፣ 4,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለው፣ በካሬል ስም ይጠራል፤ የላይኛው፣ 5,000 ሜትር ላይ ያለው፣ በዊምፐር። ደንበኛው ከመሪው በላይ መቀመጡን ልብ ያለው ሰው ፈገግ ይላል። እስከ ካሬል መጠለያ መኪና ይሄዳል። 2,750 ሜትር ላይ ከምትገኘው ከሪዮባምባ ቁርሱን በልቶ የተነሣ ጎብኚ ሳይራመድ፣ ሳያልበው፣ በዚያው ጠዋት ዊምፐር በበቅሎ ሁለት ቀን ከፈጀበት ከፍታ አቅራቢያ ይደርሳል። ከመኪናው ወርዶ ወደ ላይኛው መጠለያ የሚወስደውን አጭር ዳገት ሲጀምር፣ መንገዱ መካከል ላይ ቆሞ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። የሚያዋጣው መሪ ጥቂት ቆሞ ካየው በኋላ ሻይ ይጠጣ ዘንድ ወደ ታችኛው መጠለያ ይመልሰዋል።